ከተጠራጠርክ ጣለው

ሌምፒ ትባላለች። በቱርኩ ገበያ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣
ሠላሳ መከር ቆማለች፣ ጣቷ በውርጭ ነዶ።
ከጫካ የመጣ እንጉዳይ በፊቷ ይዘረገፋል፤
የሚበላው ቅርጫት ይገባል፣ የሚገድለው ባልዲ ያርፋል።
ደንቧ አንድ ነው፦ «ከተጠራጠርክ ጣለው።»
እኔንም አንድ ቅዳሜ ግማሹን አስጣለችኝ፤
«ይቺማ ቆንጆ ናት» ብላት፣ «እሱ ነው የሚያሰጋኝ» አለችኝ።

ዘንድሮ የእሷ ቅርጫት ወደ እኔ መጣ፤
በሁለት ከረጢት፣ ከዳሌ አጥንቷ የወጣ፣
ለብ ያለ፣ ጥቁር ቀይ መቅኔ፣
ስሟ በእስኪርቢቶ የተጻፈበት፤ የሌሊቱ ለቃሚ እኔ።

«በደምሽ» ብሏት ነበር ሐኪሙ ኦስሞ፣ «ሁለት ክሮች ጅራት ተለዋወጡ፤
ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው፣ በአንዲት ሴል ውስጥ ከሥርዓት ወጡ።
ነጩ ደም በቃኝ ማለት ረሳ፤ ወለደ፣ አሁንም ወለደ፤
እስካሁን በእግሩ ነው፤ ሳይሮጥ ነው የምንቀድመው።»
እሷ የጠየቀችው «ማን ጀመረው?» ብላ ብቻ ነው።
«ጤነኞቹ አልጠፉም፤ ከጩኸቱ ሥር ተኝተዋል፤
እነሱን አውጥተን እናኖራለን፣ የቀረው በመድኃኒት ይነዳል፣
ከዚያ ወደ ቤታቸው እንመልሳቸዋለን።»
ሳቀች። «እንግዲህ ለቀማ ነው በሉኛ!»

ማታ ቀለም አጠጣኋቸው፤ ማሽኑ ማጉረምረም ያዘ፤
መቅኔው በቀጭን ቧንቧ፣ ጠብታ በጠብታ ተጓዘ።
በሰማያዊ ብርሃን ፊት ሴል ሁሉ ተራዋን ታልፋለች፤
ባንዲራ የለበሰችው አረንጓዴ ታበራለች፤
ትጣል።
ሌላዋም አበራች፤
ትጣል።
ከስንት ሺህ አንዷ፣ ጨለማ እንደ ለበሰች፣
ሳትታይ ለማለፍ ስትል ተያዘች።
እሷን ነው የምፈልገው።

ጤነኛዋን በምን ለየህ ቢሉኝ፣ በዝምታዋ ነው መልሴ፤
አትቸኩል፣ አትንጫጫ፤ «ደም አለቀ» ሲባል እንጂ አትነሣም ከእንቅልፏ።
የጮኸ ሁሉ ሕያው የመሰለኝ ዘመን ነበር፤
ያን ሌሊት፣ ሳንተረትር፣ ሳንገዋልል፣
አፈርኩ።

ሲነጋ ከቱቦው ግርጌ የቀረችው ጭጋግ ታህል፤
በአፍንጫዬ ብተነፍስባት የምትበተን ይመስል።
ሃያ ሴል ዘርግተን ክሮቻቸውን ቆጠርን፤
አሥራ ዘጠኙ ንጹሕ። የሃያኛዋ ላይ ቀረን።
የክሯ ጫፍ ደብዝዟል፤ አጥሯል? ወይስ ታጥፏል?
ዶክተር ኢንኬሪ መነጽሯን ጠርጋ አየች። እኔም አየሁ።

ከተጠራጠርክ ጣለው።
እንጉዳይ ቢሆን ባልዲው ቅርብ ነው፤
ይህ ግን አንዷ ስትጣል አብሮ ሁሉም የሚደፋው፣
ሌላ ጫካ የሌለው፣ ሌላ መከር የማይመጣው።
«ከጣልነው ባዶዋን ናት» አለች ኢንኬሪ፤ «ካልጣልነው...»
አልጨረሰችውም። ጓንቷን አወለቀች።
በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዘቀዝነው፤ ነጭ ጢስ እጄን ዋጠው።

ነገርናት ወይ? ነገርናት።
«አንዷን?» አለች። ብዙ ቆየች።
«እኔ ብሆን» ብላ ጀመረች፤ ግድግዳውን አይታ ተወች።

ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ ደጁ በረዶ ነካክቶታል።
ትናንት ነጭ ደሟ ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ ዛሬ ሦስት ብሏል።
ሦስት ምን ያህል ነው? የማን ልጆች ናቸው? ገና ማንም አያውቅ።
እኔ የመጨረሻዎቹን፣ ቢጫ እግር ያላቸውን፣ ከሙጃው ሥር ለቅሜ፣
ወደ ክፍሏ ስለማይገቡ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ፣
በወረቀት ላይ ደርድሬ ከፍ አድርጌ አሳየኋት።
ራስ የሚባል ፀጉር የላት፤ ዓይኗ ግን ያው የገበያዋ።
መጣች፣ መርፌውን እንደ ፍየል ገመድ እየጎተተች፤
በጣቷ መስታወቱን፣ ከግራ ሦስተኛዋ ላይ፣ ነካች፤
ራሷን ነቀነቀች።

በጣም ቆንጆ ነበረች።
ጣልኳት።